ኮምፕሬሰሩ ላይ የቀረበ ማስረጃ የለም

ዛሬ ፖለቲካውን ለሌሎች ትቼ ስለ መኪናዬ ኤሲ ላውጋችሁ። የአዲስ አበባ ሰው «ኤሲ ቅንጦት ነው» ሊለኝ ይችላል። ድሬዳዋን በግንቦት ያየ ግን እንዲህ አይልም። በዚያ ላይ ከኋላ ወንበር 80 ዓመት የተጠጋች እናቴ ተቀምጣለች።

ችግሩ እንዲህ ነው። ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ ስነዳ ኤሲው ደህና ይቀዘቅዛል። ቀፊራ ገብቼ ከባጃጆቹ ኋላ ስቆም ግን በአራትና አምስት ደቂቃ ውስጥ ትኩስ አየር ይተፋብኛል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ጋራዥ ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ «ጋዝ አንሶታል» ብሎ ሞልቶልኛል። በሦስተኛው «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ። የጠራው ዋጋ ከወር ደመወዜ ይበልጣል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል፤ ኮምፕሬሰር ይህ መብት የለውም መሰለኝ።

ቀፊራ አጠገብ ዛፍ ጥላ ሥር የሚሠራ መካኒክ ዘንድ ወሰድኩት። ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው፤ ድሬ ነውና «አንተ» ብሎ ነው የተቀበለኝ። «አቦ፣ ሞተሩን አስነሳና ኤሲውን ክፈተው» አለ። ኮፈኖውን ከፍቶ አዳመጠ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማና የኮምፕሬሰሩ ክላች ይዞ መዞር ጀመረ። «ይሄ የሞተ ነገር አይደለም» አለኝ። ቀጥሎ ጌጅ ሰካ። ከፍተኛው ግፊት 25 ባር አልፏል፤ በዚያ ሙቀት ከ15 እስከ 18 ባር ገደማ ይበቃ ነበር። የደከመ ኮምፕሬሰር ይህን ያህል ሊገፋ አይችልም።

ከዚያ በጆግ ውሃ ቀድቶ ከራዲያተሩ ፊት ባለው ኮንደንሰር ላይ አፈሰሰ። የጌጁ መርፌ ወረደ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላም ቀዝቃዛ አየር መጣ። እናቴ «ተመስገን» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ሲጨምቀው ጋዙ ይግላል። ኮንደንሰሩ ውስጥ ሙቀቱን ለውጭው አየር ካልሰጠ ፈሳሽ አይሆንም፤ ፈሳሽ ካልሆነ ደግሞ ውስጥ ገብቶ ሲተን የሚያቀዘቅዘው ነገር የለም። መኪናው ሲሮጥ ንፋሱ ያበርደዋል፣ ሲቆም ግን ሥራው የቬንትሌተሩ ነው። የእኔ ቬንትሌተር አይዞርም ነበር። ፊውዙ ደህና ነው። ሪሌውን ከጥሩምባው ሪሌ ጋር ቢያቀያይረውም ለውጥ የለም። በቀጥታ ከባትሪ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው አጉረመረመና ዝም አለ፤ ሞተሩ ተቃጥሏል። ያገለገለ ገዝተን አሰርን። በደቻቱ አቧራ የተደፈነውን ኮንደንሰርም በለስላሳ ውሃ አጠበው፤ ኃይለኛ ውሃ ክንፎቹን ያጣምማል።

ክላቹ ጭራሽ ባይዝ ኖሮ ፍለጋው ሌላ ነበር፦ ፊውዝ፣ ወይም ጋዙ አልቆ የግፊት ማብሪያው ሥራውን ማቆሙ። አየሩ ቀዝቅዞ ግን በደካማው ቢነፍስ ደግሞ የውስጡ ፊልትሮ ነው የሚታየው።

የአዲስ አበባው ጋራዥ ያጨቀውን ትርፍ ጋዝ ማሽን ያለው ዘንድ ወስደን በሚዛን አስተካከልን። ጋዝ እንደ ቤንዚን አይነድም፤ ካነሰ የሚያፈስበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው፣ ቀዳዳውን ሳይፈልጉ መሙላት ደግሞ የደንበኛን ኪስ ማራገፍ ነው። አር 134ኤ የተባለው ይህ ጋዝ ኦዞንን ባይጎዳም ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,400 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ እንዲሁ ወደ አየር የሚለቁት ሰዎች ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

ለጋራዡ ደውዬ ኮምፕሬሰሩን በምን እንደፈረዱበት ጠየቅኳቸው። «በልምድ» አሉኝ። በጌጅ ለክታችኋል ወይ ብዬ ስጠይቅ ስልኩ ተዘጋ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋጋ ተቀብሎ ሥራ የሚሠራ ሰው ውጤቱን በራሱ ኃላፊነት እንደሚያስገኝ ይደነግጋል። ይህንኑ ጠቅሼ የሁለቱ ጊዜ የጋዝ ክፍያ እንዲመለስልኝ ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ፤ መልስ እየጠበቅኩ ነው።