ሹመትና መብላት

ሹመት ማለት የሌላውን ሰው ነገር በአደራ መጠበቅ ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል የቆየ ተረት አለ። ተረቱ በብዙ አፍ ስለ ተነገረ እውነት መስሏል፤ የሚገልጠው ግን የሹመትን ሕግ ሳይሆን የሹሞችን ስስት ነው።

መብላት የተባለውም ብዙ ዓይነት ነው። ጉቦ ተቀብሎ ፍርድ ማጣመም መብላት ነው። ለሕዝብ የተመደበውን ገንዘብ ወደ ቤት መውሰድም መብላት ነው። ከእነዚህ የሚብስ ሌላ አለ፤ እርሱም ሹመቴ እንዳይቀርብኝ ብሎ የሕዝቡን ጭንቅ መሸሸግ ነው። ልጆች ሆይ፥ ይህ ነገር ሰውን እንዴት እንደሚገድል በወሎ ታይቷል።

በ1964 ዓ.ም. የክረምቱ ዝናም ሳይበቃ ቀረ፤ በ1965 ዓ.ም. የበልጉም ዝናም ታጣ። በዚያ ዘመን የወልድያ፥ የመርሳና የሐብሩ አገር የጁ አውራጃ ይባል ነበር፤ የአውራጃውም ከተማ ወልድያ ነበረች። ማሽላና ጤፍ የሚዘራው ገበሬ መጀመሪያ ፍየሉንና በጉን፥ ቀጥሎም የሚያርስበትን በሬ ሸጠ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ስለ ወጣ የከብት ዋጋ ወደቀ። በሬ የሌለው ገበሬ ዝናም ቢመጣለትስ በምን ያርሳል? ስለዚህ ብዙ ሰው ቤቱን ትቶ ከአዲስ አበባ በደሴ፥ በመርሳና በወልድያ አልፎ ወደ ሰሜን ወደሚሄደው አውራ ጎዳና ወረደ። በመንገዱ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ምግብ ለመነ።

እህል ግን ከኢትዮጵያ ምድር ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። ይህን ረኃብ የመረመረው ህንዳዊው ሊቅ አማርትያ ሴን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ እንዳልጨመረ፥ ከወሎም ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል እንደ ነበረ ጽፏል። የጠፋው የድኃው መግዣ ነበር። መንግሥት በጊዜው አውቆ ቢረዳ ኖሮ ብዙ ነፍስ በዳነ ነበር።

ታዲያ ስለ ምን ሳይረዳ ቀረ? ወሬ ወደ ላይ የሚወጣው በደረጃ ነበር፤ ከጭቃ ሹም ወደ ወረዳ ገዥ፥ ከወረዳ ወደ ወልድያ፥ ከወልድያ ወደ ደሴ፥ ከደሴም ወደ አዲስ አበባ። ሹሙን የሚሾመውና የሚሽረው ከላይ ያለው ጌታ እንጂ በታች ያለው ገበሬ ስላልሆነ፥ ሹሙ የሚፈራው ጌታውን ነበር። እንዲህ ያለ ሹም ሁልጊዜ ጨካኝ አይደለም፤ ፈሪ ነው፤ ለተራበው ግን ሁለቱ ልዩነት የላቸውም። በአዲስ አበባ ያሉት ታላላቆችም የመንግሥት ስም እንዳይጐድፍ ነገሩን ሸሸጉት። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ዮናታን ዲምብልቢ ረኃቡን በቴሌቪዥን ለዓለም ገለጠ። በወሎና በትግራይ የሞተው ሰው ቍጥር ከ40,000 እስከ 200,000 ይገመታል።

በዚያን ጊዜ የተመረጡ ሰዎች አልነበሩም ማለት አይደለም። ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝብ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴ ይመርጥ ነበር። ዳሩ ግን ለመመረጥ ንብረት ያስፈልግ ነበር፤ የፖለቲካ ማኅበርም አልተፈቀደም። ሰው አራሽ የሆነ ድኃ እንዴት ይመረጣል? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ12ኛው አንቀጽ ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ለማንሣት እንደሚችል ይናገራል። እንዲህ ያለ ቃል በ1965 ዓ.ም. ለየጁ ገበሬ አልነበረውም።

በ1966 ዓ.ም. የሹሞችን ጥፋት የሚመረምር ኮሚሲዮን ተቋቋመ፤ ስለ ወሎ ረኃብም ምስክር ሰማ። ነገር ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎችን፥ አብዛኞቹም የቀድሞ ባለሥልጣኖች የነበሩትን፥ ያለ ፍርድ ገደለ። ወሎን ያስተዳድሩ የነበሩት ደጃዝማች ሰሎሞን አብርሃምም ከእነርሱ ጋር ተገደሉ። ስለዚህ ማን ምን እንደ ሸሸገ በችሎት ሳይሰማ ቀረ።

ደርግም በመስከረም 1977 ዓ.ም. የ10ኛ ዓመት በዓሉን በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ ሲያከብር፥ ወሎ እንደገና ተርቦ ነበር፤ የውጭ አገር ጋዜጠኞችም ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከለከሉ። ሰዉም እንደገና ወደዚያው አውራ ጎዳና ወረደ።