ፓኬጅ ከመጨመርዎ በፊት ማዕድ ቤትዎን ይፈትሹ

ከጭልሞ ደን አቅራቢያ ካለችው ጊንጪ ጀምሮ እስከ አምቦና ጉደር ድረስ ቤቱን ወይም ሱቁን በዋይፋይ የሚያሠራ ደንበኛ መሥመሩ ሲቆራረጥበት ብዙውን ጊዜ በቴሌ ያማርራል፤ ቀጥሎም የተሻለ ፍጥነት ይገዛል። ጥፋቱ የራሱ ማዕድ ቤት ከሆነ ግን ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው።

ማይክሮዌቭ ምግብ የሚያሞቀው በ2.45 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው። የተለመደው ዋይፋይም በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል። የማይክሮዌቩ ጉልበት ከ600 እስከ 1000 ዋት ሲደርስ የዋይፋዩ 0.1 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ ከበሩ ሾልኮ የሚወጣው ጥቂት ሞገድ ለጤና ባያሰጋም ዋይፋዩን ለመዋጥ ይበቃል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ነገር ይለያል። ሞገድ አይረብሽም፤ ነገር ግን ብዙ ኃይል ስለሚስብ በቀጭን ገመድ በተዘረጋ ቤት ቮልቴጅ ያወርዳል። ራውተሩም ጠፍቶ ይነሳል። ይህን ሞገድ በመቀየር ማዳን አይቻልም፤ ለምጣዱ ራሱን የቻለ ወፍራም መሥመር ማዘርጋት ነው።

ምርመራው ወጪ የለውም። ማይክሮዌቩ ሲሠራ ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ ያገናኙ። በገመድ ደህና ሠርቶ በዋይፋይ ከደከመ፣ ከውጭ የሚገባው መሥመር ጤነኛ ነው፤ ፓኬጅ መጨመርም አይፈይድም።

መፍትሔው ራውተሩን ከማዕድ ቤት አርቆ ከፍ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ነው። አዲስ የሚገዛ ሰው 5 ጊጋኸርዝም ያለው መሆኑን ከካርቶኑ ላይ ያረጋግጥ። ማይክሮዌቭ እዚያ አይደርስም፤ ሆኖም 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ሲያቋርጥ ቶሎ ስለሚደክም ለሰፊ ግቢ ብቻውን አይበቃም።