የበቅሎ ትንፋሽ የለካው መንገድ

እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 እንግሊዛዊው ብስክሌተኛ ሳይመን ዬትስ የታላቁን የጣሊያን የብስክሌት ውድድር፣ የጂሮ ዲታሊያን፣ የመሪነት ሮዝ ማልያ እንደለበሰ ኮሌ ዴሌ ፊኔስትሬ ከተባለው ተራራ ግርጌ ደረሰ። ዳገቱ ሳይጋመስ ጉልበቱ ከዳው። ዕለቱ ሲያበቃ ከአሸናፊው ከክሪስ ፍሩም ከ38 ደቂቃ በላይ ወደኋላ ቀርቶ ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ሜይ 31 ቀን 2025፣ ያው ሰው በዚያው ዳገት ላይ ተፎካካሪዎቹን ጥሎ ወጣ፤ በማግስቱም ሮም ላይ የጂሮ አሸናፊ ሆነ።

ፊኔስትሬ የሚገኘው በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ ፈረንሳይን በሚያዋስኑት የአልፕስ ተራሮች ላይ፣ ከሱዛ ከተማ በላይ ነው። መንገዱ 18.5 ኪሎ ሜትር ያለ እረፍት ሽቅብ ይወጣና 2,178 ሜትር ከፍታ ላይ ያበቃል። የመጨረሻው 8 ኪሎ ሜትር አስፋልት አያውቅም፤ አፈርና ጠጠር ነው። ዛሬ የጠጠር መንገድ ብስክሌተኞች ከየአገሩ ወደዚህ ድንበር ይጎርፋሉ። መንገዶቹ ግን የተሠሩት ለእነሱ አልነበረም፤ ለወታደር፣ ለመድፍና ለበቅሎ እንጂ።

ይህ ድንበር ብዙ ደም የፈሰሰበት ነው። ከፊኔስትሬ ብዙም ሳይርቅ፣ አሲዬታ በተባለው የተራራ ጫፍ፣ ጁላይ 19 ቀን 1747 የፈረንሳይ ጦር የሰሜን ምዕራብ ጣሊያኗን የፒየሞንቴ ግዛት ምሽግ ሰብሮ ለማለፍ ሞክሮ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ 5,000 ያህል ሰው ሞቶበትና ቆስሎበት ተመለሰ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻም ጣሊያንና ፈረንሳይ በጥርጣሬ ዓይን ሲተያዩ፣ ጣሊያኖች በየተራራው አናት ምሽግ ገነቡ። ምሽግ ያለ መድፍ፣ መድፍም ያለ መንገድ ዋጋ የለውምና መሐንዲሶቹ ከደመና በላይ መንገድ ቀደዱ።

እዚህ ላይ ፊዚክስ ይገባል። አንድን ዕቃ ወደ አንድ ከፍታ ለማውጣት የሚያስፈልገው ሥራ፣ ሰበቃን ወደ ጎን ከተውነው፣ በየትኛውም መንገድ ቢኬድ እኩል ነው። ብስክሌቱን ጨምሮ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ፊኔስትሬን ሲወጣ ወደ 1,700 ሜትር ሽቅብ ራሱን ይጎትታል፤ ይህም 1.3 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ምግብ ወደ ፔዳሉ የሚያደርሰው ሩቡን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ለዳገቱ ብቻ 1,300 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይነዳል። ከዚህ ዕዳ ማምለጫ የለም። ዕዳውን ግን በአንድ ጊዜ መክፈልም፣ በየጥቂቱ መክፈልም ይቻላል።

ጠመዝማዛ መንገድ የተፈጠረው ለዚህ ነው። መንገዱ ሲረዝም በየእርምጃው የሚጠየቀው ኃይል ይቀንሳል። የጦር መሐንዲሱ መንገዱን የሚለካው በፈረሰኛ ጀግንነት ሳይሆን ጭነት በተሸከመች በቅሎ ትንፋሽ ነበር፤ እሷ የማትወጣው መንገድ ለጦሩ አይጠቅምም። እኛም ይህን ጥበብ በሌላ ታሪክ እናውቀዋለን፤ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች በሊማሊሞና በጣርማ በር ገደሎች ላይ የቀደዱት መንገድ የዚሁ የተራራ ምህንድስና ልጅ ነው።

ብስክሌተኛ በጉልበት ከበቅሎ ያንሳል እንጂ አይበልጥም። በፊኔስትሬ አማካይ ዳገት ላይ፣ በየ100 ሜትሩ 9.2 ሜትር እየወጣ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የመሬትን ስበት ለማሸነፍ ብቻ 200 ዋት ያህል ያስፈልገዋል። ሠልጥኖ ላልተዘጋጀ ሰው ይህን ለሁለት ሰዓት ያህል መቋቋም ከባድ ነው። ስለዚህ የጠጠር ብስክሌት ከፊት ጥቂት፣ ከኋላ ብዙ ጥርስ ያለው ማርሽ ይገጠምለታል። መሐንዲሱ ዳገቱን በርዝመት ከፋፈለው፤ ማርሹ ደግሞ አንዱን ከባድ ርግጫ ወደ ብዙ ቀላል ርግጫ ይመነዝረዋል።

ጠጠሩ ሌላ ፈተና ያመጣል። አስፋልት ላይ ዳገት የጠናበት ብስክሌተኛ ከኮርቻው ተነሥቶ ይረግጣል። ጠጠር ላይ ግን እንዲህ ሲያደርግ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ጎማ መያዣ ያጣና በባዶ ይሽከረከራል። ስለዚህ ተቀምጦ፣ ክብደቱን ወደኋላ አድርጎ፣ ያለ ድንገተኛ ግፊት መርገጥ ግድ ይለዋል።

ብዙዎችን የሚያስገርመው ግን የጎማው ነገር ነው። በደንብ የተነፋ ጎማ ፈጣን ነው ብለን ነው ያደግነው። ለስላሳ አስፋልት ላይ ይህ በመጠኑ እውነት ነው። ኮሮኮንች ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የጠነከረ ጎማ ጠጠር ሲያገኝ ስለማይታጠፍ ብስክሌቱንና ሰውየውን አንድ ላይ ወደ ላይ ያነሣቸዋል። ወደፊት መግፋት የነበረበት ጉልበት የነጂውን ክንድ፣ ሆድና ጭን በማርገብገብ ያልቃል፤ ጡንቻም ይህን ንዝረት ወደ ሙቀት ለውጦ ያጠፋዋል። የላላ ጎማ ግን ጠጠሩን ይውጠዋል፤ ጎማው ብቻ ይሰረጉዳል እንጂ ነጂው አይነሣም። ስለዚህ የአስፋልት ብስክሌት ቀጭን ጎማ በ5 ባር የአየር ግፊትና ከዚያ በላይ ሲነፋ፣ 40 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው የጠጠር ብስክሌት ጎማ 2 ወይም 3 ባር ይበቃዋል።

ልክ ያጣ ልስላሴም ይጎዳል። ጎማው በጣም ከላላ ድንጋዩ እስከ ቸርኬው ብረት ይደርስና ካላማዳሪውን መሀል ላይ ቆንጥጦ፣ እባብ የነደፈው የሚመስል መንታ ቀዳዳ ይተዋል። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ካላማዳሪውን ጨርሰው ትተው፣ ጎማው ውስጥ ትንንሽ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ያደርጋሉ።

ከጠጠሩ በላይ ነጂን የሚያሰለች ደግሞ መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ተሸንሽኖ ሲገኝ ነው። ይህ ሽንሽን ከየት ይመጣል? የፊዚክስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሥራ በሚሽከረከር የአሸዋ ገበታ ላይ ጎማ እያስኬዱ ፈትሸውታል። ጎማው ከአንድ የፍጥነት ወሰን በታች ሲሄድ አሸዋው ሜዳ እንደሆነ ይቀራል። ወሰኑን ሲያልፍ ግን በትንሽ እብጠት ላይ ዘልሎ ሲወርድ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ከጉድጓዱ ሲወጣም አዲስ እብጠት ያነሣል። ቀጥሎ የሚመጣው ጎማ ይህንኑ ያጠናክረዋል። ስለዚህ ሽንሽኑን የሚሠራው የመንገዱ አፈር ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የተሽከርካሪው ጥድፊያም ነው።

ይህን እውቀት ይዘን አሲዬታ ላይ እንውጣ። ከፊኔስትሬ አካባቢ ተነሥቶ በተራራው አናት ላይ እስከ ሴስትሪዬሬ የሚዘልቀው የጠጠር መንገድ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ጫፉ 2,500 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እዚያ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ከሚላን ሜዳ የመጣ ሰው እዚህ ያለከልካል። ለአዲስ አበባ ልጅ ግን አየሩ የሰፈሩ አየር ነው። በበጋ፣ በጁላይና በኦገስት፣ ይህ መንገድ በሳምንት ሁለት ቀን ለሞተር ተሽከርካሪ ይዘጋል፤ አቧራውም ድምፁም ያኔ ጋብ ይላል።

ወደ ደቡብ፣ በሊሞኔና በሞኔዚ መንደሮች መካከል፣ ሌላ የድንበር መንገድ አለ። ከሊጉሪያ ባሕር ጨው በበቅሎ ወደ ፒየሞንቴ ይጋዝበት ከነበረው አሮጌ ንግድ ስሙን ወርሶ የጨው መንገድ ይባላል። ርዝመቱ 39 ኪሎ ሜትር ሲሆን በ1,800ና በ2,100 ሜትር ከፍታ መካከል እየተጠማዘዘ፣ አንዴ ጣሊያን አንዴ ፈረንሳይ ይገባል። ከመነሻው ቅርብ በሆነው የቴንዳ መተላለፊያ፣ 1,871 ሜትር ላይ፣ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ፈረንሳይን ለማገድ የገነቡት ግዙፍ ምሽግ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1947 የፓሪስ ስምምነት የቴንዳ አካባቢ ለፈረንሳይ ሲሰጥ ምሽጉም አብሮ ሄደ። ፈረንሳይን ሊያግድ የተሠራው ግንብ ዛሬ የሚገኘው ፈረንሳይ ውስጥ ነው።

አስፋልቱ ተሟጦ ጠጠሩ የሚጀምረው እዚያው አካባቢ ነው። ጣሪያው የፈረሰው ምሽግ እስካሁን ሰው ያስቆማል። ብስክሌተኛው ይወርድና ግንቡን ተደግፎ ይንበረከካል፤ የጎማውን ቫልቭ ይከፍትና ትንሽ አየር ያወጣለታል። በእኛ ቋንቋ ይህ ማስተንፈስ ነው። ጎማው ሲተነፍስ እሱም ይተነፍሳል፤ ከዚያ በበቅሎዋ ልክ፣ ቀስ ብሎ፣ ጉዞውን ይቀጥላል።