«ከልላ»ን መቁጠር፦ የቋንቋ ኮርፐስና የቁርኣን የአነጋገር ስልት
የቋንቋ ኮርፐስ፣ ማለትም በኮምፒውተር እንዲፈተሽ የተደራጀ የጽሑፍ ስብስብ፣ የአንድን ጽሑፍ የአነጋገር ስልት በቁጥር ለማጥናት ያገለግላል። በቁርኣን ጥናት ግን መቁጠር አዲስ ነገር አይደለም። «ከልላ» («በፍጹም!») የሚለው የተግሣጽ ቃል በ15 ሱራዎች 33 ጊዜ መምጣቱን፣ ሱራዎቹም ሁሉ መካዊ መሆናቸውን የቀደሙት ዑለማእ ያለ አንዳች መሣሪያ ደርሰውበታል፤ ለመካ አስተባባዮች የተሰነዘረ ብርቱ ተግሣጽ ነውና ምክንያቱንም አብራርተዋል።

መሣሪያው ይህንኑ ሊያረጋግጥ ሲነሣ ይሰናከላል። ሐረካ በሌለው ጽሑፍ «ከልላ»ና «ኩልለን» («ሁሉንም») ፊደላቸው አንድ ነው። ከቃሉ ጋር የተጣበቀውን «ወ» የሚነጥል ፍለጋ መደናዊቷን ሱረቱ-ን-ኒሳእ (4፡95) ሳይቀር ይዞ ይመጣል፤ ደንቡም የፈረሰ ይመስላል። በሊድስ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው የቁርኣን ዐረብኛ ኮርፐስ እያንዳንዱን ቃል በሰዋስው ክፍሉ ስለሚለይ «ከልላ»ን ሐርፉ-ር-ረድዕ ብሎ ለብቻው መዝግቦታል።

የወሎን የዐጀም መንዙማ በኮርፐስ ለማሰባሰብ ለሚያስብ ተመራማሪ ችግሩ ይብሳል፤ ሦስቱ ሐረካዎች ለአማርኛ ሰባት አናባቢዎች አይበቁምና። ንባቡ ሳይወሰን የተቆጠረ ቃል ስለ የትኛውም ሸይኽ የግጥም ስልት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የእጅ ጽሑፉ ምስልና መንዙማውን በቃሉ የያዘ ሰው ንባብ ጎን ለጎን መቀመጥ ይኖርባቸዋል።