ዕጢ ውስጥ ተባዝቶ የሚፈነዳው ባክቴሪያ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1917፣ አልፍሬድ ኒስል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የአንድ ወታደር ሰገራ መረመረ። ጓዶቹ በተቅማጥ ሲወድቁ ይህን ወታደር ምንም አልነካውም ነበር። ኒስል ከሰገራው ለይቶ ያወጣው አንጀትን ሳይጎዳ በሽታ አምጪዎችን የሚያሸንፍ የኢኮላይ ዝርያ ነው። ዛሬም በጀርመን በእንክብል ተዘጋጅቶ ለአንጀት ሕመም ይሸጣል፤ ስሙም ኢኮላይ ኒስል 1917 ነው። አሁን በኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ በታል ዳኒኖ ቤተ ሙከራ ዘረመሉ እየተቀየረ ካንሰርን እንዲዋጋ ይሰለጥናል።

ባክቴሪያ ለካንሰር የተመረጠበት ምክንያት ያለው እዚያው ዕጢው ውስጥ ነው። ዕጢ በፍጥነት ሲያድግ የደም ሥሮቹ አይደርሱበትም፤ መሃሉ ኦክስጅን ያጣና የሞቱ ሴሎች የሞሉበት ይሆናል። ኬሞቴራፒ የሚጓዘው በደም ስለሆነ ወደዚያ በቅጡ አይዘልቅም፤ ጨረርም ኦክስጅን በሌለበት ኃይሉ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ዕጢው የሰውነትን ተከላካይ ሴሎች ያፍናል። ለኢኮላይ ግን ከዚህ የተሻለ መኖሪያ የለም፤ ያለ ኦክስጅን ይኖራል፣ ከሞቱት ሴሎች ይመገባል፣ የሚያሳድደውም የለም። በደም ሥር ከተሰጠው ባክቴሪያ ሌላ ቦታ የቀረውን ሰውነት ሲያጸዳው፣ ዕጢው ውስጥ የገባው ይባዛል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። የኒውዮርኩ ቀዶ ሐኪም ዊልያም ኮሊ በ1891 ሕያው ስትሬፕቶኮከስ በመርፌ ወደ ዕጢ መስጠት ጀመረ። የሟሙ ዕጢዎች ነበሩ፤ በኢንፌክሽኑ የሞቱ ሕመምተኞችም ነበሩ። በኋላ በሙቀት ወደተገደሉ ባክቴሪያዎች ዞረ። በ2002 የታተመ ሙከራ ደግሞ ሌላውን ጫፍ አሳየ። በአይጥ ዕጢ ላይ ጥሩ ውጤት ያስገኘ፣ መርዙ የተቀነሰለት ሳልሞኔላ ለካንሰር ሕመምተኞች በደም ሥር ተሰጠ፤ የአንዳቸውም ዕጢ አልቀነሰም። ባክቴሪያው ሲበረታ ለሕይወት ያሰጋል፤ ሲዳከም ዕጢውን አይነካም።

ስለዚህ ትልቁ ጥበብ ባክቴሪያው መቼ እንደሚሞት መወሰኑ ላይ ይመስለኛል። በ2016 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ የጄፍ ሃስቲ ቡድን ከዳኒኖና ከሌሎች ጋር ይህን በሳልሞኔላ ሠርቶ አሳየ፤ ኋላም ዘዴው ወደ ኒስል ተሸጋገረ። ባክቴሪያው ቪብሪዮ ፊሸሪ ከተባለው ብርሃን ሰጪ የባሕር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል ይገባለታል። በዚህ ዘረመል እያንዳንዱ ባክቴሪያ አንዲት ትንሽ ሞለኪውል ያመነጫል፤ ሞለኪውሏም ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ታልፋለች። ባክቴሪያዎቹ ጥቂት ከሆኑ ተበትና ትጠፋለች። ዕጢው ውስጥ ተባዝተው ሲጠጋጉ ግን ትጠራቀማለች፤ ምልዓተ ጉባኤው እንደተሟላ ስብሰባ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሌላ ዘረመል ይከፍታሉ። ይህኛው የመጣው ባክቴሪያን ከሚያጠቃ ቫይረስ ነው፤ ሥራውም የባክቴሪያውን ግድግዳ ማፍረስ ነው። አብዛኞቹ ይፈነዱና በሆዳቸው ያጠራቀሙትን መድኃኒት ዕጢው ውስጥ ያፈስሳሉ። የተረፉት ጥቂቶች እንደገና ይባዛሉ፤ ቁጥራቸው ሲሞላ እንደገና ይፈነዳሉ። ሌላ ቦታ የተበተኑት ያን ቁጥር ስለማይደርሱ መድኃኒቱን አይለቁም።

የሚሸከሙት መድኃኒትም ይለያያል። በ2020 የዳኒኖ ቡድን ኒስልን ናኖቦዲ አስጫነው፤ ናኖቦዲ እንደ ግመልና ላማ ባሉ እንስሳት ደም ከሚገኝ ፀረ እንግዳ አካል የተወሰደ ትንሽ ፕሮቲን ነው። ዕጢው በተከላካይ ሴሎች ላይ የጫነውን ልጓም ያወልቃል። ይህን መሰል መድኃኒት በደም ለመላ ሰውነት ሲሰጥ ተከላካይ ሴሎች ጤነኛውን አካል ጭምር ሊያጠቁ ይችላሉ፤ ከዕጢው ውስጥ መለቀቁ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። በ2024 ደግሞ ያው ባክቴሪያ የዕጢውን ልዩ ምልክቶች ተሸክሞ ተከላካይ ሴሎችን የሚያስተምር ክትባት ሆነ። ይህ ሁሉ የታየው በአይጦች ላይ ነው።

ሕያው ባክቴሪያ ለካንሰር መስጠት ግን በሐኪሞች ዘንድ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ሕፃናት እንደተወለዱ ክንዳቸው ላይ የሚወጉት ቢሲጂ የተዳከመ ሕያው ባክቴሪያ ነው። ካናዳዊው ሐኪም አልቫሮ ሞራሌስ በ1976 ይህንኑ በሽንት ፊኛ ካንሰር ላይ መሞከሩን አሳተመ፤ ከ1990 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደ ሕክምና ነው። በካቴተር ወደ ፊኛው ይገባል፣ ተከላካይ ሴሎችንም ይቀሰቅሳል። ዘረመሉ በቤተ ሙከራ አልተሠራም፤ ቢሆንም ለኒስል መንገድ ጠርጓል።

ኒስል ወደ ሰው ሲመጣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ዝግመተ ለውጥ ነው። የመፈንዳት ትእዛዝ የተጫነበት ባክቴሪያ በሚውቴሽን ትእዛዙን ከጣለ ከጓደኞቹ ይበልጥ ይባዛል፤ ከጊዜ በኋላ ዕጢውን የሚሞሉት መድኃኒት የማይለቁት ይሆናሉ። ተመራማሪዎቹ ዘረመሉን ከባክቴሪያው ዋና ዲኤንኤ ጋር እየሰፉ፣ የጣለውም እንዲሞት እያደረጉ ይታገሉታል። በተፈለገ ጊዜ ደግሞ ባክቴሪያውን በተለመደ አንቲባዮቲክ ማጥፋት ይቻላል፤ አብዛኛው ኬሞቴራፒ አንዴ ሰውነት ውስጥ ከገባ ግን እንዲህ ያለ ማጥፊያ የለውም።