የአዲስ አበባ የሕዝብ ትራንስፖርት

የአዲስ አበባ የሕዝብ ትራንስፖርት በኢትዮጵያ ዋና ከተማ ሰው የሚያመላልሱ የአውቶቡስ፣ የታክሲና የቀላል ባቡር አገልግሎቶች ጥቅል ስም ነው። አብዛኛው ነዋሪ የግል መኪና ስለሌለው ሥራ፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት የሚደርሰው በእነዚህ ወይም በእግሩ ነው።

አውቶቡስና ታክሲ

ከአገልግሎቶቹ ነባሩ አንበሳ አውቶቡስ ሲሆን ቁጥር ባላቸው መስመሮች ይሠራል። ሸገር አውቶቡስ በኋላ የተጨመረ ነው። ሰማያዊና ነጭ ቀለም ያላቸው ሚኒባስ ታክሲዎች የግለሰቦች ንብረት ናቸው። ረዳቱ መድረሻውን እየጠራ ተሳፋሪ ይሰበስባል፣ ሒሳብም ይቀበላል፤ ተሳፋሪው መውረድ ሲፈልግ «ወራጅ አለ» ይላል። ከሚኒባስ የሚተልቁት «ቅጥቅጥ» እና «ሃይገር» ይባላሉ። ለብቻው መሄድ የሚፈልግ ኮንትራት ታክሲ ይይዛል፣ ወይም እንደ ራይድ ባሉ የስልክ መተግበሪያዎች መኪና ይጠራል።

ቀላል ባቡር

በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረ። ግንባታውን ያከናወነው የቻይና ኩባንያ ሲሆን አብዛኛው ወጪ የተሸፈነው ከቻይና በተገኘ ብድር ነው። ሁለቱ መስመሮች በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። አንዱ ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ፣ ሌላው ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች ይሄዳል፤ ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ከጊዜ በኋላ በመለዋወጫ እጥረት ብዙ ባቡሮች ስለቆሙ የተሳፋሪው ጥበቃ ረዝሟል።

የመገናኘት ችግር

የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች የተስፋፉት በከተማዋ ዳርቻ ነው። ቱሉ ዲምቱ የደቡቡ ሐዲድ ከሚያበቃበት ከቃሊቲ አልፎ ይገኛል፤ ጀሞም ባቡር አይደርሰውም። ስለዚህ የእነዚህ ሰፈሮች ነዋሪ ባቡር ለመሳፈር በቅድሚያ ታክሲ ወይም አውቶቡስ መያዝ አለበት። አንዳንድ ታክሲዎች ደግሞ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ረጅሙን መንገድ ያቆራርጣሉ፤ ተሳፋሪው በአንድ ጉዞ ሁለት ጊዜ ይሰለፋል፣ ሁለት ጊዜም ይከፍላል። በመሆኑም አዲስ መስመር መክፈት ብቻውን አማራጭ አያሰፋም፤ መስመሮቹ በቅርብ መገናኘት ይኖርባቸዋል።

የእግር ጉዞ

በከተማዋ ከሚደረጉ ጉዞዎች ግማሽ ያህሉ በእግር ናቸው። ባቡር ወይም አውቶቡስ የሚሳፈርም እስከ ፌርማታው ይራመዳል። የቀላል ባቡሩ ሐዲድ በብዙ ቦታ መንገዱን ለሁለት ስለሚከፍል፣ ማቋረጫ በራቀበት ቦታ እግረኛው ዞሮ ለመሻገር ይገደዳል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ዝግጅት የተመረጡ መንገዶችን ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነጻ በማድረግ ለእግረኛና ለብስክሌት ይለቃል።