ወንጪም ሂዱ ጣና፦ ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ከድሮ የውድድር ጀልባ የምንማረው

ጦር ኃይሎች ባቡር ጣቢያ ቆሞ ስለ ጀልባ ማውራት ሊያስቅ ይችላል። ከአያት የመጣው ባቡር እዚህ ያበቃል፣ የታክሲ ረዳቱ "አየር ጤና! አየር ጤና!" ይላል፣ ሐይቅ የሚባል ነገር በአካባቢያችን የለም። ግን በዓል ወይም ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ ከዚሁ ሰፈር የሚነሣው ሚኒባስ ወዴት ነው የሚሄደው? አንዱ በአየር ጤና በኩል የጅማን መንገድ ይዞ፣ ወሊሶ ሲደርስ ወደ ወንጪ ይታጠፋል። ሌላው ቢሾፍቱ፣ ሌላው ሐዋሳ፤ ቀን የተረፈው ደግሞ ባሕር ዳር። እዚያ እንደደረስን ብዙዎቻችን ቶሎ የምናደርገው ነገር ጀልባ ላይ መውጣት ነው።

ጥያቄያችን እንግዲህ ይሄ ነው፦ ሚኒባስ ስንሳፈር ጎማው ማለቁን እናያለን፣ ሹፌሩ ሲከንፍ "ረጋ በል እንጂ" እንላለን፣ ትርፍ ሲጭን እንቆጣለን። ጀልባ ላይ ስንወጣስ ምን ዓይተን ምን እንላለን? አብዛኞቻችን ምንም። ምን እንደሚታይ ያሳየን የለማ!

ዛሬ ይህንኑ ለማሳየት እንሞክራለን። የምንነሣው ግን ትንሽ ራቅ ካለ ነገር ነው፤ ሃይድሮፕሌን ከምትባለው የድሮ የውድድር ጀልባ።

🔹 ውኃ ላይ ለመብረር ጥቂት የቀራት ጀልባ

የጣናን ታንኳ አስቡ። ደንገሉ ውኃው ውስጥ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ውኃውን በደረቱ እየገፋ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሃይድሮፕሌን የዚህ ተቃራኒ ናት። ፍጥነት ስትጨምር ከውኃው ትወጣና ላይ ላዩን ትንሸራተታለች።

ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ ከጀልባ ኋላ ተንጠልጥሎ የሚሠራውን ሞተሩን ለገበያ ያቀረበው እ.አ.አ በ1909 ነው። ዛሬ በሐይቆቻችን ላይ የምናያቸው አውትቦርድ ሞተሮች የዚያው ዘሮች ናቸው። በ1930ዎቹ ደግሞ በኒው ጀርሲዋ ቬንትኖር ጀልባ ይሠሩ የነበሩት የአፔል ቤተሰቦች "ባለ ሦስት ነጥብ" የሚባለውን ሃይድሮፕሌን አስተዋወቁ። ይቺ ጀልባ ከፊት በግራና በቀኝ እንደ ጫማ የወጡ ሁለት ተንሳፋፊዎች አሏት። በሙሉ ፍጥነት ስትሄድ ውኃውን የሚነካው የሁለቱ ጫፍና ከኋላ ፕሮፔለሩ አካባቢ ብቻ ነው። በቃ፣ ሦስት ጉልቻ ማለት ናት።

በአውትቦርድ ሞተር የሚወዳደሩት ትንንሾቹ ከስስ እንጨትና ከኮምፔንሳቶ የተሠሩ፣ ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚረዝሙ ናቸው። ነጂው አይቀመጥም፤ ተንበርክኮ ነው የሚነዳው። እንደ ሜርኩሪ ማርክ 20ኤች ያሉ የ1950ዎቹ ሞተሮችን ዛሬም ጠግነው፣ አድሰው የሚነዱ ሰብሳቢዎች አሉ።

እነዚህ ጀልባዎች ስሕተት አይምሩም። የጣት ውፍረት የምታህል ልዩነት ጀልባዋን ትገለብጣለች። ስለዚህ ባለቤቶቻቸው ሞተር ከማስነሣታቸው በፊት፣ ገና የብስ ላይ እያሉ፣ ሦስት ነገር ያስተካክላሉ፦ ሚዛን፣ የሞተር አቀማመጥና ፕሮፔለር። በእኛ ሐይቆች ላይ ቤተሰብ የምትጭነው ጀልባም የምትመካው በእነዚሁ ሦስቱ ነው።

🔹 1ኛ፦ ሚዛን

የውድድር ጀልባዋን ባለቤቶቿ አግድም በተቀመጠ ቧንቧ ላይ ያስቀምጧትና ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳታጋድል የምትቆምበትን ነጥብ ይፈልጋሉ። ነጥቡ ልክ ካልሆነ የነዳጁን ጋን ወይም የነጂውን መንበርከኪያ ያዛውራሉ። ፊቷ ከከበደ ውኃ ትቆፍራለች፣ ድንገትም ትጠመዘዛለች። ኋላዋ ከከበደ አፍንጫዋ ይነሣል፤ ነፋስ ከሥሯ ይገባና እንደ ክንፍ ያነሣታል።

አፍንጫ ሲነሣ የሚመጣውን ዓለም ያየው እ.አ.አ ጥር 4 ቀን 1967 ነው። እንግሊዛዊው ዶናልድ ካምቤል በኮኒስተን ሐይቅ ላይ ብሉበርድ በተባለች ባለ ሦስት ነጥብ ሃይድሮፕሌን የራሱን ክብረ ወሰን ሊሰብር ይሞክር ነበር። ብሉበርድ የምትሄደው በጄት ሞተር ነው። በመልሱ ጉዞ በሰዓት ከ480 ኪ.ሜ በላይ ስትከንፍ አፍንጫዋ ተነሣ፣ ከውኃው ለቅቃ ወደ ኋላ ተገለበጠች። ካምቤል በዚያው ሕይወቱ አለፈ።

የእኛ ጀልባ እንዲህ አትበርም። የክብደት ሕግ ግን አይቀየርም። ሰው ሁሉ ከኋላ ሲታጨቅ ፊቷ ሽቅብ ይነሣል፣ ካፒቴኑ ፊት ለፊታቸውን አያዩም፣ ኋላዋ ዝቅ ስለሚል ማዕበል በዚያ በኩል ይገባል። ሁሉም ፊት ከሄደ ደግሞ አፍንጫዋ ማዕበሉ ውስጥ ትገባለች። ከሁሉ የሚከፋው የጎን ነው። ጫሞ ላይ "አዞ! አዞ!" ሲባል፣ ጣና ላይ ጉማሬ ብቅ ሲል ሁሉም ስልኩን ይዞ ወደ አንድ ጎን ይሮጣል። ጀልባ የምትገለበጠው በማዕበል ብቻ አይደለም፣ በፎቶም ትገለበጣለች።

🔹 2ኛ፦ የሞተሩ አቀማመጥ

የውድድሩ ሞተር ከፍ ተደርጎ ነው የሚታሰረው። ፕሮፔለሩ ግማሹ ውኃ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ይዞራል። ውኃ ውስጥ የሚጎተት ብረት ባነሰ ቁጥር ፍጥነት ይጨምራልና።

የሰው ማመላለሻ ጀልባ ግን እንዲህ መሆን የለባትም። የእሷ መለኪያ ቀላል ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ አንዲት ጠፍጣፋ ብረት አለች፤ እሷ ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል ልትሆን ይገባል። ሞተሩ ብዙ ዝቅ ካለ ጀልባዋ ትጎተታለች፣ ነዳጅ ትበላለች። ብዙ ከፍ ካለ ደግሞ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፤ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ጀልባዋ ወደ ፊት አትሄድም።

ሞተሩ የሚያዘነብልበት ማዕዘንም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እግሩ ወደ ጀልባዋ ሲጠጋ አፍንጫዋን ዝቅ ያደርጋል፤ ወደ ውጭ ሲርቅ ከፍ ያደርጋል። ጀልባዋ ማዕበል ሳይኖር እንደ ፈረስ ከፍ ዝቅ እያለች የምትጋልብ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ወደ ውጭ በዝቶ ወጥቷል ወይም ኋላዋ ከብዷል ማለት ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። አውትቦርድ ሞተር የሚቀዘቅዘው ራሱ በሚስበው የሐይቅ ውኃ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ ቀጭን የውኃ ክር ትፈሳለች፤ ያቺ ክር ከተቋረጠች ሞተሩ እየነደደ ነው። ጣና ላይ እንቦጭ ባለበት ስትሄዱ ክሯን ልብ በሉ። አረሙ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፣ የውኃ መግቢያውንም ይደፍናል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ በተነሣበት ሐይቅ መሀል ሞተር መጥፋቱ ቀልድ አይደለም።

🔹 3ኛ፦ ፕሮፔለርና የአገራችን ከፍታ

እዚህ ላይ ነው የእኛ ጉዳይ ከሌላው ዓለም የሚለየው። ሞተር የሚፈተነው አየር በጠገበበት በባሕር ጠለል ነው። ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ሜካኒኮች የሚሠሩበት ግምት በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ነው።

በዚህ ግምት እናስላው። ላዩ ላይ "40 የፈረስ ጉልበት" የተጻፈበትን ሞተር ውሰዱ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር አካባቢ ያለው ጫሞ ላይ ወደ 36 ይወርዳል። 1,800 ሜትር ገደማ ያለው ጣና ላይ 33 ይሆናል። ወደ 2,900 ሜትር የሚጠጋው ወንጪ ላይ ደግሞ 28 ወይም 29 ቢቀር ነው። ሞተሩ ላይ የተጻፈውን አምኖ ሰው የሚጭን ሰው የሌለ ጉልበት ላይ ነው የሚጭነው።

የውድድር ሰዎች ለዚህ መልስ አላቸው፦ ፕሮፔለር ይቀይራሉ። የፕሮፔለር አንዱ ቁጥር "ፒች" ይባላል። በአንድ ዙር ምን ያህል ወደ ፊት መሄድ እንዳለበት በኢንች ይናገራል። ፒቹ ትልቅ የሆነ ፕሮፔለር እንደ አራተኛ ማርሽ፣ ትንሽ የሆነ እንደ ሁለተኛ ማርሽ ነው። እንጦጦን በአራተኛ ማርሽ የሚወጣ ሹፌር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለባሕር ጠለል የተመረጠውን ፕሮፔለር ወንጪ ላይ መግጠም ልክ እንደዚያ ነው። ሞተሩ ያቃስታል፣ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል፤ ጀልባዋም ማዕበል ሲመጣ የምትሸሽበት ጉልበት አይኖራትም።

ፒቹን በ1 ኢንች መቀነስ የሞተሩን ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል። ለምሳሌ አምራቹ "በሙሉ ነዳጅ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ይድረስ" ብሎ፣ የእናንተ ሞተር ሙሉ ጭኖ 4,500 ላይ ከቆመ፣ 3 ኢንች የሚያንስ ፕሮፔለር ወደ 5,000 ያደርሰዋል። ሙከራው ግን የሚጫነው ሰው ሁሉ ተጭኖ መሆን አለበት። ባዶ ጀልባ ሁሌም ፈጣን ናት።

🔹 ቀዩዋ ገመድ

የውድድር ጀልባ ነጂ የነዳጁን እጀታ ጨብጦ ነው የሚይዘው። እጁ ከለቀቀ ስፕሪንጉ ይመልሰዋል፣ ሞተሩም ይበርዳል። ከዚህ በተጨማሪ ከሰውነቱ ጋር የታሰረች ገመድ አለች፤ ሲወድቅ ትነቀልና ሞተሩን ታጠፋለች።

ምክንያቱን አስቡት። ነጂ የሌላት ጀልባ ቀጥ ብላ አትሄድም። ሞተሩ ይጠመዘዝና ክብ እየሠራች ትመለሳለች፤ የምትመለሰውም ውኃ ውስጥ ወዳለው ሰው ነው፣ ፕሮፔለሩ እየዞረ። በዛሬዎቹ አውትቦርድ ሞተሮች ላይ ይቺ ገመድ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ሆና፣ ከሞተሩ ጋር አብራ ትመጣለች። ካፒቴኑ እጅ ላይ ወይም ጃኬታቸው ላይ ካልታሰረች ግን ጌጥ ናት።

🔹 በቀጣዩ ጉዟችሁ

ይህን ጽሑፍ ይዛችሁ ካፒቴን ጋር ሙግት ግቡ አላልንም። ሐይቁን፣ ነፋሱንና ሰዓቱን ከእኛ በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ግን እንደ ሚኒባሱ ሁሉ ዓይን ይኑረን። ከዳር ሳትነሡ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፦

✔️ ላይፍ ጃኬቱ በቁጥር ለሁሉም ይበቃል? የልጆችስ በልካቸው አለ? የሚለበሰው ከመነሣታችሁ በፊት እንጂ ማዕበል ሲመጣ አይደለም።

✔️ ሰው ከፊትም ከኋላም፣ ከግራም ከቀኝም ተመጣጥኖ ተቀምጧል?

✔️ ሞተሩ ሲነሣ የውኃዋ ክር ትፈሳለች?

✔️ ቀዩዋ ገመድ ካፒቴኑ ላይ ታስራለች? "ካፒቴን፣ ገመዷን ያስሩልን" ማለት ነውር የለውም።

✔️ ጀልባዋ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቷት አፍንጫዋን ሰቅላ የምታቃስት ከሆነ ጭነቱ ከጉልበቷ በላይ ነው። "እንቀንስ" በሉ፤ በሁለት ዙር መሄድ ይቻላል።

✔️ ፎቶ ተቀምጦም ይነሣል።

ጀልባ ላላችሁና በማኅበር ለምትሠሩ ቤተሰቦቻችን ደግሞ አንድ ቃል፦ ሌላ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ሞተር ዙር ለኩ፣ ፕሮፔለሩን ለሐይቃችሁ ከፍታ አስተካክሉ። ዋጋው ከአዲስ ሞተር ጋር አይወዳደርም።

የውድድር ሰዎች ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ለዋንጫ ነው። እኛ ሐይቅ ላይ የምናወጣው ግን እናቶቻችንንና ልጆቻችንን ነው።

የሚቀጥለውን የሰፈር ጉዞ ለሚያስተባብረው ሰው ይህን ጽሑፍ አጋሩት። ሐይቅ ዳር ያላችሁ ካፒቴኖችና ሜካኒኮች ደግሞ የጎደለ ካለ ጻፉልን፣ አብረን እናርመዋለን። መልካም ጉዞ!